መቀነት፣ ድግ፣ ዝናር፦ የወገብ ትጥቅ ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ለታሪክ ጉባኤ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ርእሱን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው «መቀነት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ነገር ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስለ ዝናር ብናገር ኖሮ አይስቅም ነበር። ዝናር የጦርነት ነው፣ የአድዋ ነው፣ በፎቶግራፍ ላይ ደረትና ወገብ አቋርጦ የሚታይ የጀግና ጌጥ ነው። ከዚያው ወገብ ላይ የሚታሰረው፣ ከዝናር በፊት የነበረውና ከዝናር በኋላም የኖረው የሴት መቀነት ግን ታሪክ እንደሌለው ተቆጥሯል። ይህ አድልዎ ከየት እንደመጣ፣ ምንስ እንዳሳጣን ነው ዛሬ የማነሣው።

ከቃሉ እንጀምር። በግእዝ «ቀነተ» ማለት ታጠቀ ማለት ነው፤ መነኩሴው የሚታጠቀው ቅናትም፣ ባልቴቷ የምትጠመጥመው መቀነትም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ በገዳም የሚባረከውና በጓዳ የሚታሰረው ነገር በስም ወንድምና እህት ናቸው ማለት ነው። ዝናር ግን እንግዳ ነው። ሥሩ ከግሪክ ይመዘዛል፤ በሶርያና በዐረብ አፍ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ መጨረሻው የጥይት ማኖሪያ ሆነ። ሦስተኛው፣ ድግ የምንለው፣ ሰፋና ረዘም ያለው የጥጥ መታጠቂያ ነው። ወንድም ሴትም ይታጠቀዋል፤ ገበሬ ለአዝመራ፣ መንገደኛ ለጉዞ፣ ወታደር ለዘመቻ ወገቡን ያጠብቅበታል። «አደገደገ» የሚለው ግስ ከዚሁ ከድግ ጋር የሚዛመድ ነው። ዛሬ ማደግደግ ስንል ክብርን ጥሎ ማጎብደድ ማለታችን ነው፤ በቀደመው ትርጉሙ ግን ሸማን ከትከሻ አውርዶ ወገብ ላይ በማሸረጥ በበላይ ፊት ታጥቆ መቆም ማለት ነበር። ሥርዓት የነበረው ነገር ስድብ ሆኗል። ቃላት እንዲህ ሲወርዱ ከጀርባቸው አንድ የማኅበራዊ ሥርዓት መፍረስ እንዳለ የታሪክ ተማሪ ሊጠረጥር ይገባዋል።

የዚህ ሥርዓት እድሜ ቀላል አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የንጉሥ መልእክት የሚቀበሉ መኳንንት ከወገባቸው በላይ ልብሳቸውን ገልጠው፣ ቆመው ይሰሙ እንደነበር ጽፏል። አልቫሬዝ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲጓዝ ያቋረጠው አንጎት የተባለው አገር እኛ ዛሬ ተቀምጠን የምንነጋገርበትን አካባቢ የሚጨምር እንደነበረ ልብ በሉ። ልብስ ከትከሻ ወርዶ ወገብ ላይ ሲታሰር ሁለት ነገር ይናገራል፤ እጄ ባዶ ነው፣ ደግሞም ለመታዘዝ ዝግጁ ነኝ። በዳኛ ፊት የሚቆም ተሟጋችም ያደገድግ የነበረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ተሟጋች ለመታዘዝ ሳይሆን ለማሸነፍ የሚቆም ሰው ቢሆን።

መታጠቅ ግን ለመታዘዝ ብቻ አልነበረም። ለማመፅም ይታጠቃሉ። ቋንቋችን ይህን ሁለቱንም በአንድ ግስ ይዞታል፤ «ታጥቆ ተነሣ» እንላለን፣ «ትጥቅ ፈታ» እንላለን፤ የጨርቁ ነገር ተረስቶ መሣሪያው ብቻ ቀርቷል። የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበር። የፈረስ ስም እንደምታውቁት ተራ መጠሪያ አይደለም፤ የሰውየውን ዓላማ የሚያውጅ ስም ነው። «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው። ይህን ስም የያዘው ሰው በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ድል የነሣው ማንን እንደሆነ ለወልድያ ተማሪ መንገር አያስፈልገኝም። ዳግማዊ ራስ አሊን ነው። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በደብረ ታቦር ተቀምጦ ነገሥታትን ሲያነግሥና ሲሽር የኖረው የወረ ሼህ ቤት መነሻው ይህ የጁ ነው። የየጁ ሥልጣን ያበቃው «ታጠቅ» በሚል ስም ፊት ነው። ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ፣ በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመለው የገበሬ ሚሊሽያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሠለጠነበት ሰፈር «ታጠቅ» ተብሎ ተሰየመ። ስሙን የመረጠው መንግሥት ዘውድን የጣለ መንግሥት መሆኑ አይገርምም? ንጉሡ ሲወድቅ ትእዛዙ አልወደቀም።

እስካሁን የተናገርሁት በአብዛኛው የወንዶች ታሪክ ነው። እኔም የለመድሁት መንገድ ስለሆነ ሳይታወቀኝ ሄድሁበት። አሁን ወደ መቀነቱ እንመለስ።

በመቀነት ላይ የሃይማኖት ነገር አለ፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በምንጠብቀው መልክ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም፣ በተለይ በኢጣሊያ በፕራቶ ከተማ፣ እመቤታችን በዕርገቷ ጊዜ ለሐዋርያው ቶማስ መቀነቷን ሰጠችው የሚለው ትውፊት ትልቅ ክብር አለው፤ በሶርያዋ ሖምስም በመቀነቷ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። በእኛ ትውፊት ግን ቶማስ የተቀበለው ሰበኗን ነው፤ ዲያቆናት በእጅ መስቀል ላይ የሚያስሩት ጨርቅም የዚያ ሰበን መታሰቢያ ነው። መቀነቷ የት ገባ ብትሉኝ፣ ሕዝቡ ሰማይ ላይ አኑሮታል። ሊቃውንቱ ቀስተ ደመና የሚሉትን እረኛው «የማርያም መቀነት» ይለዋል። በሀብሩ ቆላ ዝናብ ካባራ በኋላ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው የሚያሳዩት እሱን ነው፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በዚሁ ስም ሲጠራው ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተቴን በአደባባይ ላርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ አነስተኛ ጥናት፣ በየጁና በሀብሩ የመቀነት አስተሣሠር የክርስቲያኗንና የሙስሊሟን ሴት ይለያል ብዬ ነበር። ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሁት? ከመጽሐፍ። የዑመር ቃል ኪዳን ተብሎ በሚታወቀው ሰነድ በእስላማዊ ግዛቶች የሚኖሩ ክርስቲያኖች ዙናር እንዲታጠቁ፣ በዚያም እንዲለዩ ተደንግጓል። ቀበቶ የሃይማኖት ድንበር የሆነበት ይህ ረጅም ታሪክ በአእምሮዬ ስለነበር ተመሳሳዩን እዚህም ፈለግሁ፤ የፈለገ ደግሞ አያጣም። ጽሑፉን ይዤ መርሳ ለአንዲት ሙስሊም እናት ሳነብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይኼን የታጠቅሁትን የሸመነው ክርስቲያን ነው፤ የፈተለችው ጎረቤቴ ናት፤ ለምጥ የተኛሁ ቀን የፈታችልኝም እሷ ናት። የቱን ነው የምትለየው?» በአገራችን የክርስቲያን ምልክት አንገት ላይ የሚታሰረው ማተብ ነው፤ ወገብ የማንም ድንበር አልነበረም። ሊለይ የሚችለው የእድሜ፣ የአቅምና የሐዘን ጉዳይ ነው፤ ያዘነች ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወገቧን አጥብቃ ስታስር፣ የደስታ ቀን ደግሞ ቀለም ያለው ጥለት ስታወጣ።

እኚህ እናት ስለ ምጥ ያሉትን ነገር ዐለፍ ብዬ መሄድ አልፈልግም። የምታምጥ ሴት መቀነቷ ይፈታል፤ ይህ ለሰውነቷ እፎይታ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን መፍታቱን የሚያደርገው ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። የሴቲቱ የቅርብ ሰው፣ ሚስጥሯን የምትጠብቅ ሴት ናት። ምክንያቱም መቀነት ሲፈታ የሚፈታው ወገብ ብቻ አይደለም፤ ቋጠሮውም ይፈታል። በቋጠሮው ውስጥ ያለውን ደግሞ ባል እንኳ ላያውቀው ይችላል።

ይህ የዛሬው ንግግሬ ልብ ነውና ትንሽ ልቆይበት። መቀነት የሚጀምረው ከሴቶች እጅ ነው። ጥጡን በመዳመጫ የምትዳምጠው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን ዘርግቶ መወርወሪያውን የሚወረውረው እሷ ያመጣችለትን ፈትል ይዞ ነው። በቤተሰቤ ያለው የአያቴ መቀነት አንድ ስንዝር ያህል ስፋት አለው፤ በክንዴ ስለካው ደግሞ ዘጠኝ ክንድ ሞላ። ለዘጠኝ ክንድ የሚሆን ድርና ማግ መፍተል የስንት ምሽት ሥራ እንደሆነ የፈተለ ያውቀዋል። ሸማኔው ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚናቅ ባለ እጅ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። ወገባችንን የምናጠብቅበትን ጨርቅ የሠራልንን ሰው ንቀን፣ የፈተለችውን ደግሞ ከነጭራሹ ሳንጽፋት ቀርተናል።

ያን ያህል ርዝመት ለምን አስፈለገ? ወገብ ለማሰር ሦስት ክንድ ይበቃል። የቀረው ለመጠቅለልና ለመቋጠር ነው። ሴት ፈትሏን፣ ቅቤዋን፣ እንቁላሏን ገበያ አውጥታ ያገኘችውን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ጫፉን ከጠምዛዛው በታች ትሸጉጣለች። የሚሰርቅ ካለ እሷን ነክቶ ነው። ይህ ልማድ እንደ ጨርቁ ጥንታዊ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የአሞሌ ጨው በመቀነት አይቋጠርም፤ ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ዝናብ ያሟሟዋል። ቋጠሮ ትርጉም የሚያገኘው ማርትሬዛ ወደ ገበያችን በስፋት ከገባ ወዲህ ነው። አንዷ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ብር ናት፤ አምስቱ በመቀነት ጫፍ ቢቋጠሩ የማይታዩ፣ ስትራመድ ግን ከጎኗ የሚሰሟት ናቸው። ስለዚህ የመቀነት ባንክነት ከሳንቲም ታሪክ ጋር የሚሄድ፣ ጊዜ ያለው ነገር ነው፤ «ከጥንት ጀምሮ» እያልን የምናልፈው አይደለም።

በዚያው ዘመን በወንዱም ወገብ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲሆን እናያለን። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲበዛ ዝናር በየሰዉ ወገብ ላይ ዋለ፤ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎችም ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ በወገቡ ጥይት፣ ሌላዋ በወገቧ ብር ይዘዋል፤ ሁለቱም በገበያ የሚሠሩ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ግን የአንዱን ብቻ ቆጠረ።

ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በዩክሬን የካርፓትያ ተራሮች የሚኖሩት ሑጹሎች «ቼረስ» የሚሉት ሰፊ የቆዳ ቀበቶ አላቸው፤ በውስጡ ገንዘብና ትንባሆ የሚያኖሩበት ኪስ አለው። የዚያው አገር ሴቶች ደግሞ «ክራይካ» በተባለ ጠባብና በቀለም ያሸበረቀ የሱፍ መቀነት ያልተሰፋ ግልድማቸውን ወገባቸው ላይ ያጸናሉ። በቤተ መዘክርና በሥዕል ገንነው የምናያቸው ግን የኮሳክ አለቆች የሐር ድጎች ናቸው። ልዩነቱ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ክራይካንም የሚሰበስቡ፣ የየመንደሩን ፈርጅ የሚለዩ ሰዎች ተነሡ። እኛ ገና ነን።

አሁን ወደሚከብደው እመጣለሁ። «አንጀቷን በመቀነት አሥራ አሳደገችን» የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከአንድ በላይ እንዳለ አውቃለሁ። አባባሉ ምሳሌያዊ ብቻ አይደለም። የተራበ ሰው ወገቡን ሲያጠብቅ ሆዱ ጥቂት ይታገሥለታል፤ የወሎ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀቡ ምሥራቃዊ ወሎን ሲመታ ሕዝቡ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ እኛው መንገድ ላይ ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ይህንኑ ረኀብ መርምሯል። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ብዙ አለመናሩ ነው። ሰዉ የሞተው እህል በአገሩ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው የሚለው የሴን ክርክር ከዚህ ይነሣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። ስለዚያ ዘመን ስትናገር «እህል ጠፋ» አትልም ነበር። «ቋጠሮው አለቀ» ነበር የምትለው። ሴን በቁጥር ያስረዳውን እሷ በመቀነቷ ታውቀው ነበር። በ1977ቱም ረኀብ ጊዜ ይህንኑ ቃል ደግማዋለች።

ከእሷ ዘመን በኋላ ባንክ መጣ፣ ቋጠሮም አበቃ ትሉ ይሆናል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው የ200 ብር ኖት ሲጨመር መርሳ ነበርሁ። አንዲት ባልቴት ባንክ ቤት ሰልፍ ውስጥ ቆመው መቀነታቸውን ሲፈቱ አየሁ፤ እየዞሩ ይፈታሉ፣ ልጅ ልጃቸው ጫፉን ይዛ ትጠቀልላለች። ከቋጠሮው የወጡት ኖቶች ተጣጥፈው ተጣጥፈው የጨርቁን መስመር ቀድተዋል። አጠገቤ የቆመ ወጣት «እማማ፣ ደብተር ክፈቱና ተገላገሉ» አላቸው። እሳቸው ግን መልስ አልሰጡም። አዲሶቹን ኖቶች ተቀብለው እዚያው ቆመው መልሰው ቋጠሩ። እኔም በልቤ ከወጣቱ ጋር ተስማምቼ ነበር።

በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በነሐሴ፣ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን እናንተ ኖራችሁበታል፤ አልተርክም። ለዛሬው ርእሳችን የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ። ደብተር ያለን እኛ ባዶ እጃችንን ቀረን። ወደ ደሴ በእግራቸው ከወጡት ዘመዶቼ መካከል መንገድ ላይ ዳቦ ገዝተው ያበሉት ወንዶቹ አልነበሩም፤ መቀነት የታጠቁት ሁለት አሮጊቶች ናቸው። ከገንዘቡ ጋር አንደኛዋ የቤታቸውን የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ቋጥረው ነበር። ወረቀቱ በላብ ረጥቦ ማህተሙ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። ከየቤቱ ሣጥን ውስጥ የነበረው ጌጥ፣ ፎቶግራፍ፣ የሠርግ ቀሚስ፣ ለክት የተቀመጠ የጥለት መቀነት ሁሉ አልተረፈም። የተረፈው የዕለት የዕለቱ፣ ያረጀውና ወገብ ላይ የነበረው ነው። ስለዚህ ለምንሰበስበው ሰዎች ነገሩ ከተለመደው ተገልብጦብናል፤ ብዙውን ጊዜ የክቱ ልብስ ይቀራል፣ የሥራው ያልቃል።

«መቀነት አደናቀፈኝ» የሚለውን ፌዝ ታውቁታላችሁ። ውሃ የማያነሣ ሰበብ የሚያቀርብ ሰው የሚታማበት አባባል ነው። በጋዜጣ ሳነበው አሁን አሁን አያስቀኝም።

ስለ ዛሬው ገበያ በአጭሩ። በወልድያ ሱቆች ከቀሚሱ ጥለት ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ አጠር ያለ፣ ጫፉ የተሰፋ መቀነት «ባህላዊ» ተብሎ ይሸጣል። አልቃወመውም፤ ያምራል፣ ሸማኔውንም ያኖራል። ተማሪዎቼ ግን ይህን አይተው የጥንት ነው ብለው እንዳይጽፉ እለምናለሁ። የአያቴ መቀነት ከቀሚሷ ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ እንዲመሳሰልም ማንም አልጠበቀም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አዲሱ መቀነት ቋጠሮ አይችልም። አጭር ነው።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎች ጋር ሆነን በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች እየዞርን ያረጁ መቀነቶችን ስንለካ፣ ስናነሣ፣ የፈታይዋንና የሸማኔውን ነገር ስንጠይቅ ሰነበትን። ለመማሪያ የሚሆን ስብስብ ለማቋቋም አስበን ነበር። አንዲት እናት ያሳዩን መቀነት ካየናቸው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ አሥራ አንድ ክንድ፣ መሐሉ ሦስት ቦታ በልዩ ልዩ እጅ የተጣፈ፣ ጫፉ ከመቋጠር ብዛት እንደ ገመድ የጠነከረ። ብዙ ገንዘብ አቀረብንላቸው። መቀነቱን ከእጄ ተቀብለው ዙሪያቸውን መጠምጠም ጀመሩ። «አብሽር ልጄ፣» አሉኝ፣ «ለማየት ከሆነ ስትመጣ ታየዋለህ።» ተማሪዎቼ ርዝመቱንና የጥፎቹን ቦታ መዘገቡ። ቋጠሮው ውስጥ ያለውን አልጠየቅንም።